ከደነኝ ወይስ ካዳነኝ?

የዛሬው ጽሑፌ የሚነሣው ከአንድ ቃል ነው።

በቆጂ በምትገኘው ቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ክፍሉ ቁም ሣጥን ሲጸዳ፣ ከድሮ ደረሰኞችና ከተሰበረ ማይክሮፎን ሥር አንድ ጥቅል ወረቀት ተገኘ። ወረቀቱ ግራና ቀኙ ላይ ቀዳዳ የተደረደረበት፣ እየተጣጠፈ የሚዘረጋ ዓይነት ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ወረቀት አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። በውስጡ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ የታተሙ 14 ገጽ መዝሙሮች አሉ። ፊደሎቹን ጠጋ ብላችሁ ስታዩአቸው በመስመር የተጻፉ አይደሉም። እያንዳንዱ ፊደል በመርፌ ጫፍ እንደተወጋ ነጥብ በነጥብ የተሠራ ነው።

ወጣቶቹ ገጾቹን ተከፋፍለው በስልካቸው መገልበጥ ጀመሩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ክርክር ተነሣ። አንዷ «ከደነኝ» ብላ ጻፈች፤ ከአጠገቧ ያለው ልጅ ደግሞ «የለም፣ ካዳነኝ ነው የሚለው» ብሎ ሊያርማት ፈለገ። የቀረው የስንኙ ክፍል በእርጥበት ጠፍቷል። ሁለቱም ቃላት መዝሙር ውስጥ ቢገቡ አያስነውሩም፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። «ከደነኝ» ያለ ሰው ነገሩን ጨርሷል፤ ተሸፍኖ ዐርፏል። «ካዳነኝ» ያለ ግን ገና ሊናገር ነው፤ ካዳነው በኋላ የሚሆነውን ሰሚው ይጠብቃል።

ወረቀቱን ወደ እኔ አመጡት። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየሁት። የቃላቱ ልዩነት ያለው ሁለት ፊደል ላይ ነው፦ ከ እና ካ፣ ደ እና ዳ። እነዚህን የሚለያቸው የግራ እግር ማጠር ብቻ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ደግሞ ማጠሩ የአንድ ወይም የሁለት ነጥብ ጉዳይ ነበር፤ ሪባኑም ቀለሙ ያለቀ ነበር። አስተማሪያቸው ነኝ፤ መፍረድ ግን አልቻልኩም።

ፊደላችን እንዴትና በእነማን እጅ ወደ ነጥብ እንደተለወጠ መጠየቅ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሲመሽ በዋናው አስፋልት ዳር ስታልፉ ከፋርማሲና ከሆቴል በር በላይ እየሮጠ የሚያልፈውን ቀይ ጽሑፍ ቆም ብላችሁ ተመልክታችሁት ታውቃላችሁ? አሰላ ስትወርዱማ በየሕንፃው ላይ ነው። ያ ሰሌዳ በአብዛኛው ቁመቱ 16፣ ወርዱ 32 መብራት ከሆኑ ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ የሚሠራ ነው፤ በአንዱ ቁራጭ ላይ 512 ትንንሽ መብራቶች አሉ ማለት ነው። ፊደል የሚወጣው የትኛው እንዲበራ፣ የትኛው እንዲጠፋ በመወሰን ነው። የኮምፒውተር ሰዎች እንዲህ ያለውን አሠራር ቢትማፕ፣ እያንዳንዷን ነጥብ ደግሞ ፒክስል ይሏታል። እናንተም ለጉባኤ ፖስተር ስትሠሩ የድሮ ጨዋታ የሚመስሉ ደረጃ ደረጃ የሆኑ የላቲን ፊደሎችን እየመረጣችሁ አያለሁ። ያምራሉ። ከሥሩ ያለው አማርኛ ግን ሁልጊዜ በተለመደው ፎንት ነው። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር አውጡ። ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 8 ካሬ ከልሉ። በዚህ ውስጥ «በ» ን ሥሩ። ቀላል ነው፤ ከላይ አንድ ጣሪያ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት እግር። «ቡ» ለማድረግ ከቀኝ እግሩ መካከል ላይ ሁለት ካሬ ወደ ውጭ አጥቁሩ። «ቢ» ከሆነ ያንኑ ከእግሩ ጫፍ ላይ አድርጉት። እስካሁን ደህና ነው። «ቤ» ላይ ግን ነገር ይመጣል። የኃምሱ ቀለበት ቀለበት እንዲባል መካከሉ ባዶ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት በሦስት ካሬ ይፈልጋል፤ መካከሉ ላይ የምትቀረው አንዲት ባዶ ካሬ ናት። ያቺ ካሬ በቀለም ከተሞላች «ቤ» ጠፍቶ እግሩ ያበጠ «ቢ» ይቀራል።

«ጤ» ን ደግሞ ሞክሩት። ሦስት እግር አለው። ለእያንዳንዱ እግር አንድ ካሬ፣ በመካከላቸው አንድ አንድ ባዶ ካሬ፤ አምስት ሆነ። ቀለበቱ ከቀኝ እግር ላይ ሁለት ይጨምራል፤ ሰባት። ከሚቀጥለው ፊደል ጋር እንዳይጣበቅ አንድ ባዶ፤ ስምንት። በቃ፣ ሞላ! «ሼ» ደግሞ ወደ ላይ ያስቸግራል፤ አናቱ ላይ ሰረዝ፣ ከሰረዙ ሥር አንገት፣ ከአንገቱ ሥር ትከሻ፣ ከትከሻው ሥር እግር፣ ከእግሩ ጫፍ ቀለበት። ስምንቱ ረድፍ ላይ አጨናንቃችሁ ብታስገቡት እንኳ ከላይኛው መስመር ጽሑፍ ጋር ይነካካል። (እናቶቻችን ይህን ሥራ ከኮምፒውተር በፊት ያውቁታል። በዳንቴል «እንኳን ደህና መጡ» ብለው የሚሠሩ ሴቶች ዓይን እየቆጠሩ፣ የትኛው ይሞላ፣ የትኛው ይከፈት እያሉ ነው የሚሠሩት። ቤታችሁ ቴሌቪዥኑ ላይ የተነጠፈውን ሄዳችሁ እዩት።)

ወደ ታሪኩ ልግባ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያወጣ፣ የስክሪኑ ጽሑፍ 25 መስመር ነበር፤ በአንዱ መስመር 80 ፊደል ይገባል። ባለ ቀለሙ ስክሪን ላይ ለአንድ ፊደል የተሰጠው ቦታ እናንተ በደብተራችሁ የከለላችሁት ያው 8 በ8 ነው። ለላቲን ፊደል ይህ በቂ ነው። ትልቁ የላቲን ፊደል አምስት ነጥብ ወርድና ሰባት ነጥብ ቁመት ካገኘ ይነበባል። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1984 አፕል ማኪንቶሽን ሲያወጣ፣ ሱዛን ኬር የተባለች አርቲስት ፊደሎቹንና ምስሎቹን ነጥብ በነጥብ ሣለች፤ መጀመሪያ ላይ ምስሎቹን የሞከረችው በካሬ ወረቀት ላይ ነበር። ቺካጎ የተባለው ፎንቷ ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ስለሚነበብ፣ አፕል ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያው አይፖድም ተጠቅሞበታል። ዛሬ «ሬትሮ» እየተባለ የሚወደደው መልክ የእነዚያ ዓመታት ነው። ያኔ ግን ማንም ለመልክ ብሎ አላደረገውም፤ ማሽኑ ከዚያ በላይ አይችልም ነበር።

የእኛ ፊደል በሁለት በኩል ነው የተቸገረው። አንዱ አሁን በካሬ ያያችሁት ጥበት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚያውቀው 256 ምልክት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹን ያህል ላቲኑ፣ ቁጥሩና የማሽኑ ትእዛዝ ይዘውታል። የእኛ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። በዚያ ላይ እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሟ ያሉት አሉ፤ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 አኃዞች አሉ፤ ሁለት ነጥቡ፣ ነጠላ ሰረዙ፣ ድርብ ሰረዙ፣ አራት ነጥቡ አሉ። በቀረው ግማሽ ውስጥ ይህን ሁሉ ማስገባት አይቻልም።

ፊደላችን ከአዲስ መሣሪያ ጋር ሲታገል ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሲያሳትም፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የብረት ቅርጽ መሠራት ነበረበት። በ1899 ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እርዳታ የተረጎሙት የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ በስዊዘርላንድ ሴንት ክሪሾና ሲታተም በዚሁ በእኛ ፊደል ነው፤ ለኦሮምኛው ድምፅ የሚሆነው ዸ ከደ ተወልዶ በረድፉ ገባ። ብረት ያደክማል እንጂ ቁጥር አይከለክልም፤ አንድ ፊደል ሲጨመር አንድ ሳጥን ይጨመራል። የጽሕፈት መኪና ግን ይከለክላል። ኢንጂነር አያና ብሩ በሚታወቁበት የአማርኛ መኪና ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል በጥቂት ቁልፎች እንዲመታ፣ የፊደሉ አካልና ቅጥያው ተለያይተው እየተመቱ ይገጣጠማሉ። በዚህ መንገድ የተመታ ደብዳቤ ያየ ሰው ቅጥያው ከእግሩ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደሚቆም ያውቃል።

በእነዚያ ዓመታት «ፊደሉ ራሱ በዝቷልና ይቀነስ» የሚል ሐሳብም ይነሣ ነበር። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸውና ሁለቱ ይውጡ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ለሐሳቡ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ መሣሪያ ነበር፤ ማሽኑ አይችለውም ይባል ነበር። የእኔ አስተያየት ምንድን ነው ካላችሁ፣ ስለ ድምፁ የሚነሣው ክርክር ሊደመጥ የሚገባው ነው፤ የማሽኑ ክርክር ግን ፈጽሞ አላሳመነኝም። ማሽን በዐሥር ዓመት ውስጥ ይለወጣል፤ የወጣ ፊደል ግን በዐሥር ዓመት አይመለስም።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ ይህ ክርክር በሰዎች እጅ ሥራ ተፈተነ። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ለየብቻቸው ሥራውን ያዙት። በካሊፎርኒያ ፍስሐ አጥላው ዳሽን ኢንጂነሪንግ በሚል ስም፣ በኮሎራዶ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ ሞድኤት በሚል ስም የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አዘጋጁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪ ወጣ። ማን ቀደመ የሚለው ሙግት እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እኔ አልገባበትም። እኔን የሚያስገርመኝ ሥራው ነው። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ቀደምቶቹ በዶስ ላይ ሲሠሩ የማሽኑን የላቲን ፊደል መጠቀም አልቻሉም፤ ስለዚህ ስክሪኑን እንደ ባዶ ሸራ ወስደው እያንዳንዱን ፊደል በሥዕል መልክ ማስቀመጥ ነበረባቸው። ማለትም አንድ ሰው ተቀምጦ ለ231 ፊደል ካሬ ሞልቷል። በ8 በ8 ቢሆን እንኳ 14,784 ካሬ ነው፤ እያንዳንዷ ትጥቆር ወይስ ትቅር ተብሎ የተወሰነባት።

ውሳኔው የመሐንዲስ ብቻ አይደለም። «የላ የግራ እግር ስንት ነጥብ ቢያጥር ነው አንባቢ ላ ብሎ የሚያነበው?» ብሎ መጠየቅ ፊደል ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። በብራና ላይ በመቃ የሚጽፍ ጸሐፊ ውፍረትና ቅጥነት፣ ዘንበል ማለትና ጠመም ማለት አለው። በነጥብ የሚሠራ ሰው ያ ሁሉ ይወሰድበታል፤ የሚቀረው አንዱን ፊደል ከሌላው የሚለየው ብቻ ነው። እነዚያ ሰዎች ሐን ከሀ፣ ሠን ከሰ አስቀርተው ሥራቸውን ማቅለል ይችሉ ነበር። አላደረጉትም።

ማተሚያውም የራሱ ጣጣ ነበረው። የእኛ መዝሙሮች የወጡበት ዓይነት ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ራሱ ላይ 9 መርፌዎች ወደ ታች ተደርድረው ነበር። መርፌዎቹ ሪባኑን እየወጉ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ያሳርፋሉ። 9 ነጥብ ለአማርኛ ስለሚጠብብ ፕሮግራሙ አንዱን መስመር በሁለት ጊዜ ማተም ነበረበት፤ መጀመሪያ የላይኛውን አካል፣ ቀጥሎ እግሩን። ወረቀቱ በመካከል ትንሽ ከተንሸራተተ እግር ከአካል ይለያል፤ ወይም ያጥራል። ከእግር ማጠር የተነሣ ምን ዓይነት ክርክር እንደሚመጣ አሁን ታውቃላችሁ። በኋላ 24 መርፌ ያላቸው ሲመጡ ይህ ተቃለለ።

በ1992 ዊንዶውስ 3.1 ትሩታይፕ የተባለውን አሠራር ይዞ መጣ። ፊደል በካሬ መሞላቱ ቀርቶ ዙሪያው በመስመር ይሣላል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ተፈለገው መጠን ያሳድገዋል፣ ያሳንሰዋል። ወላጆቻችሁ የሚያስታውሷቸው ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ብራና፣ ዋሽራ በዚህ ዘመን ያሉ ናቸው። ጥበቱ ተቃለለ፤ የቁጥሩ ችግር ግን እንዳለ ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር ሰየማቸው። አንዱ ለ«መ» የሰጠውን ቁጥር ሌላው ለ«ጸ» ይሰጠዋል፤ 256 አልበቃ ሲል ደግሞ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ያካፍላሉ። ውጤቱ ይህ ነው፤ ፋይሉ የያዘው የፊደል ሥዕል አይደለም፣ ቁጥር ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ያ ቁጥር በላቲን ይነበባልና ከዶላር ምልክትና ከቅንፍ ጋር የተደባለቀ ዝባዝንኬ ይወጣላችኋል።

ይህን የምነግራችሁ ከወረቀቱ ጥቅል ጋር አንድ ፍሎፒ ዲስክ ስለተገኘ ነው። አሰላ ማንበቢያ ያለው ሰው ተፈልጎ ተገኘ፤ ፋይሉም ተከፈተ። ያየነው ዝባዝንኬውን ነው። የጻፈው ወንድም ከአገር ከወጣ ቆይቷል፤ በየትኛው ፕሮግራም እንደጻፈው የሚያስታውስ ሰው የለም። ነገሩን አስቡት። ዲስኩ «ከ» ይሁን «ካ» በትክክል ያውቃል፤ ነገር ግን መናገር አይችልም። ወረቀቱ ይናገራል፤ ነገር ግን አጥርቶ አያውቅም።

መፍትሔው ለሁሉም ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር መስጠት ነበር። እስከዚያው ግን ሰው ደብዳቤ መላላክ አላቆመም። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሴራ የተባለውን አጻጻፍ አወጡ፤ አማርኛን በላቲን ፊደል በሥርዓት ለመጻፍና ኮምፒውተሩ መልሶ ወደ ፊደል እንዲለውጠው ነው። በዚያ ሥርዓት ትንሹ ቲ «ተ» ነው፣ ትልቁ ቲ «ጠ» ነው። እኛ ከተማ ይህ የበለጠ ይወሳሰባል፤ ከ1991 ወዲህ ቁቤ የተማረ ልጅ «ጠ»ን በኤክስ ነው የሚያውቀው፤ አማርኛውንም በኤክስ ይጽፍላችኋል። በጃፓን ደግሞ ናኦቶ ታካሃሺ የተባሉ ባለሙያ ኢማክስ በተባለው ነፃ የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ ግዕዝ እንዲጻፍ አደረጉ። አብረውት የሚሰራጩት የአማርኛ ፊደሎች ቢትማፕ ናቸው፤ ቁመታቸው 16 እና 24 ነጥብ።

በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ለእኛ ፊደል 345 ቦታ ተሰጠው። ሐም አለች፣ ኀም አለች፣ ሠም አለች፣ አኃዞቹም አሉ፣ ዸም ከነሰባት ቤተሰቡ አለ። ማሽኑ አይችለውም የተባለው ያን ዕለት አበቃ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1998 ሮማን ቺቦራ የተባለ ሰው ዩኒፎንት የተሰኘ ፎንት ጀምሮ ነበር፤ የዓለምን ፊደል ሁሉ በአንድ ልክ፣ ቁመቱ 16፣ ወርዱ 8 ወይም 16 በሆነ ካሬ ለመሥራት። ሌሎች ተረክበውት ዛሬ የእኛም ፊደል በውስጡ አለ። ለአንድ ፊደል 256 ካሬ ቢሆን 345ቱ ሲሰሉ 88,320 ካሬ ናቸው። በኮምፒውተር ቋንቋ 11,040 ባይት ነው፤ በቴሌግራም ከምትላላኩት አንድ ፎቶ በብዙ ያነሰ።

ዩኒኮድ ተሰጠ ማለት ግን ስልካችን ላይ ደረሰ ማለት አልነበረም። በ2000 የወጣውን ኖኪያ 3310 ብዙ ቤት ታውቁታላችሁ። ስክሪኑ 84 በ48 ነጥብ ነው። 8 ረድፍ በሚበቃው ላቲን ስድስት መስመር ይጻፍበታል፤ 16 ረድፍ በሚፈልግ አማርኛ ሦስት ብቻ። አጭር መልእክትም እንዲሁ ነው፦ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በዩኒኮድ 70 ብቻ ይይዛል። ይህን የሰሙ ሰዎች ተበደልን ይላሉ፤ ትንሽ ግን አያያዙ ያጋነናል። «እንደምን አደራችሁ» በፊደላችን ከነክፍተቱ 11 ነው፤ በላቲን ሲጻፍ 18 ገደማ ይሆናል። አንዱ ፊደላችን አናባቢውን ይዞ ነውና የሚሄደው፣ 70ው የሚመስለውን ያህል ጥቂት አይደለም። በ2011 ቴክኖ አገር ውስጥ መገጣጠም ከጀመረ ወዲህ አማርኛ የሚያነቡ ርካሽ ስልኮች ገበሬው እጅ ገቡ፤ በእነዚያ ትንንሽ ስክሪኖች ላይ የነጥብ ፊደል ሁለተኛ ዕድሜ አገኘ።

አሁን ወደ ፖስተራችሁ ልመለስ። ከኢንተርኔት የምታወርዷቸው የድሮ ጨዋታ መልክ ያላቸው ፎንቶች፣ ለምሳሌ ፕሬስ ስታርት የተባለው፣ የአማርኛ ፊደል በውስጣቸው የለም። አማርኛ ስትተይቡ ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያስገባላችኋል፤ የሚበደረው ሲያጣ ደግሞ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ዩኒፎንት በነፃ አለ፣ ሞክሩት። ከዚያ የሚሻለው ግን ራሳችሁ በካሬ ደብተር መሥራት ነው፤ «በቆጂ» ሦስት ፊደል ናት። አንድ ልመና አለኝ፦ የላቲኑን ፊደል ገልብጣችሁ «ሀ» ነው፣ «ጠ» ነው አትበሉን።

የፋርማሲው ሰሌዳም ችግር ከዚህ ይነሣል። የሰሌዳው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን ፎንት ወስዶ ወደ 16 ረድፍ ይጨፈልቀዋል። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ለምሳሌ፣ የመቃ አጻጻፍ ያለው፣ ወረቀት ላይ የሚያምር ፊደል ነው፤ 16 መብራት ላይ ግን ቀጭን ክፍሉ ይጠፋል፣ ቀለበቱም ይደፈናል። ከሠላሳ ዓመት በፊት በካሬ ሲቆጥሩ ያደሩት ሰዎች ያልፈቀዱት ስህተት በዛሬው መብራት ላይ እየሮጠ ያልፋል።

ወደ ዲስኩ ልመለስ። ክርክሩን ያስነሣችው ልጅ አንድ ቅዳሜ ባለ ካሬ ደብተር ይዛ መጣች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ወረቀቱ ላይ ጥርት ብለው የሚነበቡ ብዙ ቃላት አሉ። እነዚህን በዲስኩ ዝባዝንኬ ውስጥ ከቦታቸው ጋር ብናስተያይ፣ «ከ» በየትኛው ምልክት እንደተመዘገበ እናውቃለን፤ «ካ»ም እንዲሁ። ከዚያ የተከራከርንበትን ቃል ማየት ነው። አራት ሆነን ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። 163 ምልክት ለየን። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ምልክቶቹ የ«ከ» እና የ«ደ» ሆነው ተገኙ። ከደነኝ። ያኔ ሊያርማት የፈለገው ልጅ ደብተሩን ተቀብሎ ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ነው።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ መዝሙሩን በወጣትነታቸው የዘመሩትን አዴ ሄደን ጠየቅናቸው። ወረቀቱን ዘረጋንላቸው፤ አላዩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ዜማውን ጀመሩ። «ካዳነኝ» ብለው ዘመሩ። ተመልሰው ሲደግሙትም ካዳነኝ ነው።

«አዴ፣ ዲስኩ ላይ ግን ከደነኝ ነው የሚለው» አለቻቸው ልጅቷ።

«የጻፈው ልጅ አሰላ ነበር፣ ልጄ» አሏት። «መዝሙሩ እዚህ ነበር።»

በአዲሱ ቅጂ ውስጥ «ከደነኝ» ብለን ጽፈን፣ አዴ የዘመሩትን ከግርጌው አኖርን። ልጅቷ በራሷ ስልክ ላይ ገልብጣ ነው ያስቀመጠችው። አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «ቤ» ይሁን «ቢ» ያልለየንለት ቃል አለ፤ ለቅዳሜ ቀጥረነዋል።